የወፍጮው ጣሳና የጉድጓዱ ፓምፕ

ቆቦ፣ ማክሰኞ፣ የካቲት 15 ቀን 2003 ዓ.ም.

የመስኖው ፓምፕ ታሞ ይሁን ደህና ሆኖ ዛሬም መለየት አቃተኝ። የንዝረት መለኪያውን ቧንቧው ላይ አስሬ ላፕቶፑን ስከፍት፣ ከጫጫታው መሃል እኩል የተራራቁ መስመሮች ብቅ አሉ፤ አንድ የንዝረት ድግግሞሽ ከነእጥፎቹ፣ ማለትም ሁለት እጥፉ፣ ሦስት እጥፉ እያለ። እንዲህ ተሰልፈው ሲመጡ ምንጫቸው አንድ ነው። የፓምፑ ማሽከርከሪያ ኩሽኔታ አልቋል፣ ፓምፑ ከጉድጓዱ ይውጣ ልል ስል የጋሽ ሁሴንን ወፍጮ ልብ አልኩ። ጎረቤት ከተማ ሮቢት ድረስ ይሰማልኝ ብሎ ጭስ ማውጫው ላይ ጣሳ ደፍቶበታል፤ ቀኑን ሙሉ ቱክ ቱክ ነው። መለኪያዬ የያዘው የእሱን ንዝረት ቢሆንስ?

ሄጄ ለትንሽ ጊዜ እንዲያጠፋልኝ ለመንኩት።

"ወላሂ፣ ዝም ካለ ሰዉ ዘግቷል ብሎ ይመለሳል!" አለኝ። ግን አጠፋው። እውነትም ማሽላ የጫኑ ሁለት ሴቶች አህዮቻቸውን ከመንገድ መለሱ።

መስመሮቹ ጠፉ። እፎይ ልል ስል አንዷ እዚያው ቀረች። እስካሁን ከወፍጮው እጥፎች ጋር ተሰልፋ የእሱ መስላኝ ነበር። ብቻዋን ስትቀር የማን መሆኗን በምን ልወቅ? የፓምፑ ሕመም ናት ወይስ ተራ ጫጫታ?

ሽንኩርት የተከሉት አባ ይመር ቦዩ ዳር ቆመው ይጠብቁኝ ነበር።

"ልጄ፣ ይሥራ ወይስ ይቁም?"

ለማውጣት ከቆመ የእሳቸው ሽንኩርት ይደርቃል። እየሠራ ከተሰበረ ደግሞ የሁሉም ማሳ።

"ትንሽ ልየው" አልኳቸው። "ኢንሻአላህ" ብለው ሄዱ፤ አምነውኝ።

ወዲያው ወፍጮው ተነሳና መስመሮቹ ተመልሰው ያችን ብቸኛዋን ዋጧት። አሁን ሳስበው ያሳፍረኛል፤ ያኔ ግን ከዓይኔ ስለጠፋች ቀለል ብሎኝ ነበር።