ፈሪሀን ሌባ ያስባልሁበት ሮቦት

ለውድ እህቴ ለሳቢራ፤

አሰላሙ ዓለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ። እንደምን ሰነበትሽ እታለም? ወገብሽ ተሻለሽ ወይ? አሠሪዎችሽስ ጁምዓ ጁምዓ ማረፊያ ይሰጡሽ ጀመር? ሪያድ ብርዱ ገባ ሲሉ ሰማሁ፤ እግርሽን ሸፍነሽ ተኚ፣ አንቺ ከልጅነትሽ ጀምሮ ብርድ አትችዪም። እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። እማም ደህና ናት፣ ጉልበቷ ብቻ አልፎ አልፎ ይይዛታል። ማሽላው ዘንድሮ ጥሩ ነው፤ ወፉን ተከላክለን ጨርሰን ቆረጣው ብቻ ቀርቶናል።

ደጋግመሽ ስትደውዪ ያላነሳሁት ኔትወርክ ጠፍቶ አይደለም። ልጅሽን ራዊያን ኔትወርክ የለም በያት ያልኋት እኔ ነኝ። ድምፅሽን እየሰማሁ ይህን ነገር መናገር አቃተኝ። ስለዚህ በወረቀት ጽፌ፣ በስልክ ፎቶ አንስቼ እልክልሻለሁ፤ ብቻሽን ሆነሽ አንብቢው።

ለራዊያ የላክሽው ሮቦት በፈሪሀ እጅ ደርሶናል። የእትዬ ጀዊሪያ ልጅ ገና ከመኪና ወርዳ የራሷን ሻንጣ እንኳ ሳትፈታ ነው አደራሽን ይዛ የመጣችው። ካርቶኑ ላይ የሚያምር ቀይ ሮቦት ቆሞ ይታያል፤ ጎኑ ላይ ደግሞ ያው ሮቦት ተጣጥፎ የጭነት መኪና ሆኗል። ራዊያ በደስታ አበደች። ስንከፍተው ግን ሮቦትም የለ፣ መኪናም የለ። በላስቲክ የታሸገ፣ እንደ ዓሣ አጥንት በዘንግ ላይ የተደረደረ የፕላስቲክ ቁርጥራጭ ብቻ። ልጅቷ አለቀሰች። የኔም ደሜ ፈላ፤ ካርቶኑን አንስቼ ከግድግዳ ጋር አጋጨሁት።

ወይ ጉዴ! የጎሊና ገበሬ ሁሉ የውኃ ፓምፑን ተሸክሞ እኔ ዘንድ ነው የሚመጣው። ፈትቼ የምገጥም ሰውዬ፣ ይህ ነገር የሚገጣጠም ይሆን ብዬ አንዴ እንኳ አላሰብሁም። መጫወቻ ተበታትኖ ይሸጣል ብሎ ማን ያስባል! ያሰብሁት ሌላ ነው፤ ፈሪሀ ደህናውን አውጥታ ሸጣ ስብርባሪ ሞልታ አመጣችልን አልሁ። ማሰቤ ሳያንስ ገበያ ላይ አወራሁት፤ ወሬው ሮቢትና ጎብዬ ለመድረስ ጊዜ አልፈጀበትም። አደራ በላ የሚል ስም እኛ አገር ምን ማለት እንደሆነ አንቺ ታውቂያለሽ። እማ ተው፣ መጀመሪያ ሳቢራን ጠይቃት ብላኝ ነበር። ሳቢራ ጓደኛዋን ትሸፍናለች ብዬ አልሰማኋትም። ይኸንንም ይቅር በዪኝ።

በዚህ አላበቃሁም፤ ሽማግሌ ሰበሰብሁባት። ከመስጊዱ ጀርባ ቁርቁራው ሥር ሼህ ዒምራንና ጋሼ እንዳለው ተቀመጡ፣ የሰፈሩም ሰው ከበበ። ቁርኣን ትምታልኝ አልሁ። ፈሪሀም እመታለሁ ብላ ተነሳች። ሼህ ዒምራን ግን ቆይ ልጄ፣ መሐላ እንደ ውኃ አይጠጣም፣ አስቀድሞ ዕቃው ይታይ አሉ። ካርቶኑ ተዘረገፈ። ቁርጥራጩ ከእጅ ወደ እጅ ዞረ፤ አንዱ ማበጠሪያ ነው አለ፣ ሌላው የሬዲዮ ሆድ ዕቃ ነው አለ። ጋሼ እንዳለው ከካርቶኑ ሥር እኔ ገልጬ ያላየሁትን ባለ ሥዕል ወረቀት አወጡ። ከእያንዳንዱ ቁራጭ አጠገብ ቁጥር አለ፤ ያው ቁጥር ሥዕሉም ላይ አለ። ሽማግሌዎቹ ተያዩ። ከዚያ ሼህ ዒምራን ወደ እኔ ዞረው፣ ታሂር፣ አንተ የሞተር ሰው ነህ፣ በል ግጠመው አሉኝ።

እታለም፣ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድሁ! ቁርጥራጩን ከዘንጉ በጥፍር መቁረጫ እየቆረጥሁ፣ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ቁጭ ብዬ ገጠምሁት። ማጣበቂያ አይል፣ ብሎን አይል፤ ቀጭ ይልና ይገባል። የሠሩት ሰዎች እጃቸው ይባረክ፤ ክርኑ ይታጠፋል፣ አንገቱ ይዞራል፣ ጎማው ከትከሻው ውስጥ ይወጣል። የከሰዓቱ ዐስር ሶላት ሳይደርስ ካርቶኑ ላይ እንዳለው ሆኖ ቆመ። ወደ መኪና ስቀይረው ግን አንዱ እግር አልታጠፍ አለ፤ ከግድግዳ ጋር ሳጋጨው የጉልበቱ ዘንግ ተሰብሯል። አንድ እግሩን የዘረጋ መኪና ሆኖ ቀረ። የከበበው ሰው ሳቀብኝ። ፈሪሀ አልሳቀችም።

በማግስቱ ድንጋይ በማጅራቴ ተሸክሜ፣ ከሽማግሌዎቹ ጋር እትዬ ጀዊሪያ ደጅ ቆምሁ። ድንጋዩን ያወረደችልኝ ራሷ ፈሪሀ ናት። ለአላህ ብዬ አውፍ ብዬሃለሁ ብላ ይቅር አለችኝ። ዱዓ ተደረገ፣ አብረን በላን። እኔ ጅሉ ነገሩ አለቀ አልሁ።

ትናንት ወደ ሪያድ ልትመለስ ስትነሳ፣ እማ ለአንቺ ያዘጋጀችውን በሶና ድርቆሽ ይዤ ሄድሁ። ከእንግዲህ የሰው አደራ አልይዝም አለችኝ፣ ያውም በትሕትና፣ ታሂር ወንድሜ ብላ። እኔን ብቻ አይደለም፤ ጎረቤታችን የሻረግም ለልጇ የቋጠረችውን ይዛ ተመለሰች። መኪናው ሲመጣ ደግሞ ማንም ሳይጠይቃት ሻንጣዋን መንገድ ዳር ከፍታ፣ ልብሷን አንድ በአንድ እያነሳች ለጎረቤቱ አሳየች። ያለኝ የራሴ ነው፣ እዩልኝ አለች። ሰው ሁሉ መሬት መሬቱን አየ። እናቷ ልብሱን እያጠፈች መልሳ ከተተች። እኔ ቋጠሮውን ታቅፌ ቆሜ ቀረሁ።

እዚያ ስትደርስ ተቀበያት እታለም። ስለ እኔ ይቅርታ አትጠይቂልኝ፤ ያንንስ ሰጥታኛለች። ብቻ ወደዚህ የምትልኪው ነገር ሲኖር ያዢልኝ ብለሽ ለምኛት። እምቢ ብትልሽም ደግመሽ ለምኛት።

እማ ዱዓዋን ልካልሻለች፣ ሌት ተቀን ስምሽ ከአፏ አይጠፋም። ባለቤቴን ኡሙሃኒን ናፍቀሻታል። ራዊያ ትምህርቷን በርትታለች፣ እጅሽን ትስማለች። እትዬ ጀዊሪያም ሳቢራን ሰላም በልልኝ ብላኛለች፤ ይህን ስትል ግን ፊቴን አላየችም።

ወንድምሽ ታሂር
ኮቦ፣ ኅዳር 2018 ዓ.ም.