ደምሴ የተሸከመው ድንጋይ

ሐምሌ 4፣ ጠዋት

ካራቫኗ ዛሬም ወደ ቀኝ አዘንብላለች። እናቴ ሌሊቱን ተንሸራታ ግድግዳው ላይ ተለጥፋ አደረች። ወገቡ የተሰበረ ሰው በምን አቅሙ ይመለስ? ቤታችን በጦርነቱ በከባድ መሣሪያ ስለፈረሰ አጎቴ ከሐራ በአይሱዙ ጎትቶ ያመጣልን የመንገድ ሠራተኞች ማደሪያ ካራቫን ናት። ሁለት ጎማ፣ አንድ አልጋ። ግቢው ጥቁር አፈር ነው፤ ክረምት ሲገባ ብረት ይውጣል።

ካራቫኗን በክሪክ አነሳኋት። ከብረት እግሮቿ ስር ጣውላ አነጠፍኩ። ውሃ ልኬን ዘርፈውታል፤ ሳህን ውሃ ወለሉ ላይ አድርጌ ለካሁ። ቀጥ አለች። ከጎማዎቹ ስር ጠጠር ወሸቅኩ፣ መጎተቻዋን በሽቦ ከባሕር ዛፉ ጋር ጠፈርኩ።

ጎረቤቴ ደምሴ በአጥሩ ላይ አየኝና ሰላም ሊለኝ አፉን ከፈተ። ምራቄን ተፋሁ። ጦርነቱ መርሳ ሲገባ ወደ ደሴ ስሸሽ እናቴን አደራ ያልኩት ለእሱ ነበር። ስመለስ ባዶ መሬት ላይ ጆንያ ለብሳ አገኘኋት። ፍራሹን ጎትቶ ወስዶታል። ከስሯ! አደራ በላ! ደብተሬ፣ አንተ ብትሆን ምን ታደርጋለህ?

ሐምሌ 5፣ ማታ

ቀኑን ሙሉ ዝናብ። ጣውላው እየሰመጠ ነው።

ልክሰሰው? ያንሰዋል። ቤቱን ላቃጥለው? ልጆች አሉት። እሱ ተኝቶበት እያለ ፍራሹን መንጭቄ ብጎትተውስ... መሬት ላይ ሲዘረር ታየኝና ብቻዬን ሳቅሁ። እናቴ ምን አገኘህ አለችኝ። ምንም አልኳት።

ሐምሌ 7፣ ሥላሴ፣ ከሰዓት

የሰፈራችን ሼህ ሰይድ ቄሱን መምሬን አስከትለው ለሽምግልና መጡ። ደምሴ ተጸጽቷል፤ ፍራሹን የወሰደው ልጆቹ ብርድ ላይ ስለነበሩ ነው አሉ። የእኔ እናትስ? ነገ ድንጋይ ተሸክሞ ሊመጣ ነው። ወጉ ያው ነው፦ የበደለ በጫንቃው ተሸክሞ ይቆማል፣ የተበደለ ካወረደለት ይቅር ብሏል ማለት ነው። ከዚያ ወዲያ ነገር ማንሳት ነውር ነው።

ይምጣ፣ እስኪመሽ ይቁም፣ አላወርድለትም አልኳቸው። ሼሁ «ተው አንተ ልጅ!» አሉኝ። እናቴ ከውስጥ ሆና ይቅር በለው ትላለች። እሷ ደግ ናት። ጎኗ ላይ ያለውን ቁስል በየቀኑ የማጥበው እኔ ነኝ።

ሐምሌ 8፣ ምሳ ሰዓት

ጉድ ሠራሁ!

የካራቫኗን ቀኝ ጎን በክሪክ እያነሳሁ ሳለሁ ሦስቱም መጡ። ደምሴ የደጃፉን ጠፍጣፋ ድንጋይ ነቅሎ ተሸክሟል። ቀና ብዬ አላየሁትም። ሥራዬን ቀጠልኩ። ጭቃው ቁርጭምጭሚቱን ዋጠው። አልዋሽህም፣ አንጀቴ ቅቤ ጠጣ።

ያኔ ከክሪኩ ስር ያለው ጣውላ ተሰነጠቀ። ክሪኩም መስመጥ ጀመረ። እናቴ ጮኸች። ዙሪያዬን ባይ ሰፊ ነገር የለም፤ ያለው ደምሴ ጫንቃ ላይ ነው። ዘልዬ ድንጋዩን መነጨቅሁትና ከካራቫኗ የብረት እግር ስር ወሸቅኩት። ካራቫኗ ቀጥ አለች።

ቀና ስል ሼህ ሰይድ እጃቸውን ዘርግተው ዱዓ ያደርጋሉ። መምሬ መስቀል ያሳልሙኛል። ደምሴ እግሬ ስር ተደፍቶ ያለቅሳል። ለካ አውርጄለታለሁ! ለእናቴ ነው ብል ማን ይስማኝ?

ሐምሌ 9፣ ጠዋት

ሌሊቱን ዘንቦ ካራቫኗ ንቅንቅ አላለችም። እናቴ ሳትነቃ አነጋች። ለዚህ እንኳ ተመስገን።

ሰፈሩ ግን ልቤን አደረቀው። እንዲህ ነው የወሎ ልጅ ይሉኛል። ደምሴ በአጥሩ ላይ «እንዴት አደርክ ወንድሜ» አለኝ። ወንድሜ! ደሜ ፈላ። ይቅር አላልኩም! ግን ድንጋዩን ላውጣው ብል እናቴ ትወድቃለች።

ቆርጫለሁ። ለባጃጅ ነጂው ነግሬዋለሁ፤ ሰኞ ከሲሪንቃ በኩል ካለው የድንጋይ ማውጫ ካባ ሰፊ ድንጋይ ያመጣልኛል። እሱን ከስር አስገብቼ፣ በሳህን ውሃ ለክቼ፣ የደምሴን አወጣና ሰው ሁሉ እያየ ደጃፉ ላይ እጥልለታለሁ። የምወስደው በጋሪ ነው። በጫንቃዬ ከተሸከምኩት ይቅርታ ልጠይቅ የመጣሁ ይመስለዋል።