የአባትህ ጠርሙሶች

ለልጄ፤

እንዴት ሰነበትክ? ጤናህስ? የሳን ፔድሮ አቧራ ያንን ሳልህን አልቀሰቀሰብህም ወይ? እኔ ከጉልበቴና ካንተ ነገር በቀር ደህና ነኝ። ላማዎቹም ደህና ናቸው፤ እንዲያውም ካንተ ይሻላሉ፣ ሲጠሯቸው ይመጣሉ። ስደውል ስለማታነሳ ይህን ደብዳቤ ለአውቶቡስ ሾፌሩ ለሴቬሮ ሰጥቼዋለሁ። እጅህ ላይ ካላደረሰው ከዶሮዎቼ እንቁላል እንደማይቀምስ ነግሬዋለሁ።

ባለፈው ማክሰኞ ሴቬሮ የጨው መንገዱ መታጠፊያ ላይ አወረደኝ። አባትህ መኪናው ተበላሽቶበት በውሃ ጥም የቀረበት ቦታ ላይ የሠራንለትን የነፍሱን መታሰቢያ ቤት ልጠርግ፣ ደጁ ላይ የምደረድራቸውን የውሃ ጠርሙሶችም ልሞላ ነበር። ሞልቼ ጨርሼ ከበስተኋላው ጥላ ውስጥ አረፍ እንዳልኩ አንተና የምታስጎበኛቸው ባለብስክሌቶች ደረሳችሁ። አላየኸኝም። በዚያ መስታወት በመሰለ መነጽር የገዛ እግርህንም የምታይ አይመስለኝም።

ፈረንጆችህስ! ፊታቸው ቲማቲም መስሎ፣ ሱሪያቸው ገላቸው ላይ ተጣብቆ! አገራቸው አስፋልት ጠፍቶ ነው አሸዋ ላይ ብስክሌት ሊገፉ እዚህ ድረስ የሚመጡት? አንዷ መሬት ላይ ተዘርግታ በተሰባበረ ቋንቋችን «ውሃው አለቀ እንዴ?» አለችህ። አንተም «በቂ ነበር የያዝኩት፤ ፀሐይዋ ናት የከረረችው» አልካት። አንተ ከመቼ ወዲህ ነው በቂ ውሃ ይዘህ የወጣኸው?

ከዚያ ተረትህን ጀመርክ። አባትህን የበረሃው መንፈስ ወዶት ወሰደው አልካቸው። አንዱ ሽማግሌ ሄልሜቱን አውልቆ አለቀሰልህ። መንፈስ! አፍህን እንኳ ትንሽ አይደናቅፈውም። ሽማግሌው ጠርሙሶቹን እያየ «የሟች አይደለም? ነውር አይሆንም?» ብሎ ጠየቀህ። እሱ እንኳ ከባሕር ማዶ መጥቶ ነውር ያውቃል። አንተ ግን «ጠጡ፣ ጠጡ! አባቴ ለጋስ ነበር፤ ደግሞ ሙት አይጠማውም» አልክ።

መጠጣታቸው አላናደደኝም፤ ውሃ ለተጠማ ነው። ያናደደኝ ከዚያ በኋላ ያደረግከው ነው። ባዶዎቹን ጠርሙሶች ክዳናቸውን አጥብቀህ እንደነበሩ ደረደርካቸው። ፀሐይ ያደበዘዛቸው ናቸውና ሙሉው ከባዶው አይለይም። ነገ አንድ የተጠማ መንገደኛ እነሱን አምኖ ቢመጣ ምን ሊሆን ነው? በልጅነትህም እንዲህ ነበርክ። የስኳሩን ቆርቆሮ ጨርሰህ ትልስና ክዳኑን ገጥመህ ወደ ቦታው ትመልሰዋለህ።

የአባትህ የውሃ ጀሪካንም ከመኪናው ጀርባ እንደታሰረ ነበር። እሱ ክዳኑ ጠብቆ ካየ ሙሉ ነው ብሎ ነው የሚሄደው፤ ሰው ያምን ነበር። ሲያገኙት ጀሪካኑ ባዶ ነበር። እሱ ከቤት የወጣ ዕለት ጠዋት ያ ጭቃ ለባሽ ቡችላህ ጥጥ መስሎ ታጥቦ ደጃፍ ላይ ፀሐይ ይሞቅ ነበር። ያን ጊዜ ማንንም አልጠየቅኩም። ዛሬም አልጠይቅም።

ሰው ሁሉ ውሃውን ለአባትህ የማስቀምጥ ይመስለዋል። አንተ ራስህ ሙት አይጠማውም አላልክም?

እንግዲህ አምላክ ዕድሜ ይስጥህ፤ ልቦናም ከተረፈው ይጨምርልህ። ያን ሳልህን ከቻኛር ፍሬ ባፈላሁት ሽሮፕ ያዘው፤ አንድ ጠርሙስ ለሴቬሮ ሰጥቼዋለሁ። ይኼኛው ሙሉ ነው።

ሌሎቹንም እናንተ ዞር እንዳላችሁ ሞልቻቸዋለሁ። በሚቀጥለው ስንት ሆናችሁ እንደምትመጡ ላክብኝ። ስትቆጥር ራስህን አትርሳ፤ ለሁሉም አዳርሰህ አንተ ሳትጠጣ ነው የሄድከው።

እናትህ