አባባ ጀፎረውን በእግራቸው ሲወጡ

ይድረስ ለምወድህና ለምናፍቅህ ወንድሜ ለሙባሪክ ሸረፋ፤

አሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ። ጤናህ እንዴት ነው? ፈቲሀስ እንዴት ናት? ልጆቹስ እንዴት ሆኑ፣ አማርኛውን አልረሱም? ደቡብ አፍሪካ አሁን ብርዱ የሚብስበት ጊዜ ነው ይላሉ፤ ሱቅ ውስጥ ቆመህ ስትውል እግርህን አይቀዘቅዝህም ወይ? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። ከብቱ ደህና፣ እንሰቱ ደህና፣ ዝናቡም በጊዜው ጀምሯል። ይህን ሁሉ በስልክ ልነግርህ እችል ነበር፤ ነገር ግን ስንነጋገር አባባ ከአጠገቤ አይጠፉም፣ ጉዳዩም የእሳቸው ነው። ክፉ ወሬ ስላልሆነ አትደንግጥ። የሰፈራችን ልጅ ሰይዶ ወደ አንተ የሚመጣ መሆኑን ስሰማ ይህንን ጽፌ ልስጠው ብዬ ነው።

አባባ ልባቸው ደክሞ ከመንደር በቃሬዛ ወርደው ወልቂጤ የታከሙ ጊዜ ያልከውን አልረሳሁም። «ከአልጋ እንዳይነሱ፣ እግራቸው መሬት እንዳይነካ፣ እኔ የሚገፋ ወንበር እልካለሁ» ነበር ያልከው። ሁላችንም ልክ ነህ አልንና እዚያው ወልቂጤ እኔ ቤት አስተኛናቸው። ሐኪሙ ሲያሰናብታቸው ቀስ በቀስ ይራመዱ ማለቱን ሰምተናል፤ ግን ለማጽናናት ያለው መሰለን። የአገራችንን ነገር ታውቃለህ፣ እኛ ዘንድ ታማሚ የሚጠየቀው ተኝቶ ነው። ከቸሃ ድረስ ቅቤ ይዞ የመጣ ጠያቂ በሽተኛውን በር ላይ ቆሞ ቢያገኘው ቅር ይለዋል፣ ልጆቹንም «ሽማግሌ ያንከራትታሉ» ብሎ ያማቸዋል። ስለዚህ ኮቴ በተሰማ ቁጥር እማዬ ጋቢውን እስከ አገጫቸው ትስባለች፣ እሳቸውም ዓይናቸውን ጨፈን ያደርጋሉ። ጠያቂው ሲወጣ ሌላው ይገባል። እኔም የቡላና የቆጮ ነጋዴ አይደለሁ? ቆጮ ጉድጓድ ውስጥ ሳይነካ በቆየ ቁጥር ይበስላል። አባባም እንደዚያው ተኝተው የሚበስሉ መሰለኝ።

ጎረቤቴ ሲስተር እሌኒ፣ የጎንደር ልጅ ናት፣ ግፊታቸውን ልትለካ ገብታ ጋቢውን ገለጥ ስታደርግ የሆነውን ልንገርህ። «አባባ፣ ይሄ የእርስዎ እግር ነው ወይስ የዶሮ?» አለቻቸው። እሳቸውም «ዶሮ ከሆንኩማ መታረዴ ነው» አሉና ሳቁ፤ ከስንት ጊዜ በኋላ። እሷ ግን አልሳቀችም። ጡንቻ ካልሠሩበት ሰውነት ራሱ እያፈረሰ ይበላዋል አለች፤ ሥራ የማይሠራ ሠራተኛ ማን ይቀልባል? ልብም ጡንቻ ነው አለች። በልኩ ሲሠራ በአንድ ምት ብዙ ደም መግፋት ይለምዳል፣ ባረፈ ጊዜም ዝግ ብሎ ይመታል። ባታችን ደግሞ በተራመድን ቁጥር ደሙን ከታች እየጨመቀ ወደ ልብ ይመልሳል፤ አባባ ሲቀመጡ የሚያዞራቸውም አንዱ ምክንያት ይኸው መተኛታቸው ነው።

እኔ በዓይኔ ያላየሁትን ዕቃ አልገዛም። አንድ ዘለላ ቃጫ መዝዤ ባታቸው ላይ ጠመጠምኩና ጫፉን ቋጠርኩት። ቆይቼ የምለካበት ሚዛኔ ይሁን ብዬ ነው። እሌኒም ቃጫውን ስታይ፣ ጡንቻም እንዲሁ የክር ጥቅል ነው፣ ሲሠራ ክሩ ብዙም አይጨምርም፣ እያንዳንዱ ክር ግን ይወፍራል አለችኝ። ደረታቸውን ካመማቸው፣ ትንፋሽ ካጠራቸው ወይም እግራቸው ካበጠ ወዲያው እንድንተውና እንድንጠራት አስጠነቀቀች። መድኃኒቱንም አንድ ቀን እንዳናጓድል። የመራመዱን ልክ የሰጠችን ግን በመንዙማ ነው፦ እየሄዱ ማውራት ከቻሉ ደህና ነው፣ ማውራት ካቃታቸው በዝቷል፣ መንዙማ ማዜም ከቻሉ ደግሞ እያታለሉን ነው!

ማታለሉን ወደዱት። ጎህ ሲቀድ፣ ጠያቂ ሳይመጣ፣ ክንዴን ይዘው በጓሮ በር እንወጣለን። መጀመሪያ እስከ አጥሩ፣ ኋላ እስከ ባሕር ዛፉ። ወልቂጤ በዚያ ሰዓት ሌላ ከተማ ናት፣ ሙባሪክ። ጉሙ ቤቶቹን ከመሬት ያነሳቸው ይመስላል፣ ባጃጁ ገና አልተነሳም፣ የሚሰማው የአባባ እርምጃና ከጥርሳቸው ሥር የሚያንጎራጉሯት መንዙማ ብቻ ናት። «አባባ፣ እያዜሙ ነው፣ እንፍጠን» ስላቸው ዝም ይላሉ፤ ትንሽ ቆይተው ደግሞ ይጀምራሉ። ሥራ የገባበት ጡንቻ ውስጥ ቀጫጭን የደም ሥሮች አዲስ እንደሚበቅሉ እሌኒ ከነገረችኝ ወዲህ፣ ከአጠገባቸው ስሄድ ዓይኔ ላይ የሚመጣው የገበያ ቀን ነው። ሰው ከየኮረብታው ሲወርድ፣ ትናንት ሣር የነበረው ዛሬ ቀጭን መንገድ ሲሆን፣ በእያንዳንዱም ላይ ሸክሙን የያዘ ሰው ሲያልፍ። ማስታወሻዬ ላይ ያን ሰሞን የንግዱን ነገር ትቼ የጻፍኩት ይህንኑ ነው። እኔንም ጠቅሞኛል፤ የመጋዘኑን ዳገት ቡላ ይዤ ስወጣው ልቤ እንደ ድሮው አይደነግጥም።

ቃጫውን መልሼ ስለካ ባታቸው ሞልቶ ቋጠሮው አልደርስ አለ። አባባም አዩት። ከዚያ ነው ለዓረፋ መንደር እንሂድ ያሉት። «በሰው ትከሻ ነው የወጣሁት፣ በእግሬ ካልገባሁ አገሬ አልገባሁም» አሉ። እማዬ አለቀሰች። እኔም ሌሊቱን ሳወጣ ሳወርድ አደርኩ፤ አንተ አይሆንም ያልከውን እሺ ማለት፣ አንድ ነገር ቢሆኑስ? እሌኒ ከመረመረቻቸው በኋላ፣ እያረፉና ዳገቱን ሳይቸኩሉ ከሆነ ይሂዱ ስላለች ሄድን።

ሚኒባሱ ጀፎረው፣ ያ ሰፊው የመንደራችን የሣር መንገድ፣ መግቢያው ላይ አወረደን። ሣሩ በዝናቡ ለምልሞ፣ በግራና በቀኝ ያሉት ቤቶች በጉም ውስጥ ተኝተው፣ መንገዱ ወደ ሰማይ የሚሄድ ይመስል ነበር። የአባባ ጓደኛ ከማሉ ግን ጎረምሶቹን አሰልፎ ቃሬዛ ይዞ ይጠብቀናል። «ሸረፋ፣ ትከሻችን መቼ ጠፋ፣ ና ውጣ!» አለ። አባባም «ትከሻህን ለቀብሬ አቆይልኝ» አሉትና መራመድ ጀመሩ። መንደሩ በሙሉ ከኋላ ይከተላል፤ ባዶ ቃሬዛ ይዞ።

ዝግባው ጋ ሲደርሱ ድንገት ቆሙ። ሴቶቹ ጮኹ፣ ጎረምሶቹ ቃሬዛውን አወረዱ። እኔ «ማንም እንዳይነካቸው!» አልኩ፤ ድምፄ ከየት እንደወጣ አላውቅም። ደረትዎን ያምዎታል? አልኳቸው፤ የለም በሚል ራሳቸውን ነቀነቁ። እስቲ ያውሩልኝ አልኳቸው። ሣሩን ሣሩን እያዩ፣ ረጋ ባለ ትንፋሽ፣ «ጫማዬን አውልቂልኝ፣ ዘይባ፤ በዚህ ሣር ላይ በጫማ ሄጄ አላውቅም» አሉ። አወለቅሁላቸው። እስከ ደጃችን ድረስ በባዶ እግራቸው ሄዱ።

አሁን የምለምንህን ስማኝ። ወንበሩን ገና ካልገዛህ ተወው፤ ከገዛህም እግሩ ለማይታዘዝለት ሰው እንሰጠዋለን። ከዚህ ሁሉ የሚበልጠው ግን ይህ ነው። አንተ ስትደውል አባባ ምን እንደሚያደርጉ አታውቅም። የትም ይሁኑ፣ እንሰት ጓሮም ቢሆኑ፣ ቀስ ብለው ገብተው አልጋቸው ላይ ይወጣሉ፣ ጋቢውን ይስባሉ፣ ከዚያ ነው ስልኩን የሚቀበሉኝ። «ተኝተዋል?» ስትላቸው «ተኝቻለሁ ልጄ» ለማለት ነው፤ ለአንተ መዋሸት አይፈልጉም። አሁን የሚፈሩት ልባቸውን ሳይሆን የአንተን ቅያሜ ነው። ደውልና «አባባ፣ ይነሱ» በላቸው። እኔ ብላቸው አይሆንም፤ የከለከልካቸው አንተ ነህ።

ፈቲሀን ሰላም በልልኝ። ዑመይርን ሁለቱንም ጉንጩን ሳምልኝ፣ ትንሿንም እንዲሁ። እማዬ በዱዓዋ አልረሳህም፣ አንተም አትርሳኝ ብላለች። ከማሉ ሰላም ብሎሃል፣ ቃሬዛውን ጣሪያ ሥር ሰቅሎታል። አባባም ሰላም ብለውሃል፤ ይህን ያሉኝ በሩ ላይ ቆመው ነው።

እህትህ ዘይባ ሸረፋ
ቸሃ፣ ሰኔ 3 ቀን 2017 ዓ.ም.