የአባዬ ጠመንጃ ገዢ

ጥቅምት 21
ገበያው ዛሬም ቀዝቃዛ ነበር። አንድ ነጠላ ብቻ ሸጬ ሱቁን በጊዜ ዘጋሁ። ቤት ስገባ እማ ከእንግዳ ጋር ተቀምጣለች። ሙላቴ ይባላል፣ የእብናት ሰው። አባዬ ከሞተ ጀምሮ አልጋ ሥር የተኛውን ጠመንጃ ሊገዛ ነው የመጣው። "ሌባ በዝቷል፣ ለከብቶቼ ነው" አለ። ጨዋ ይመስላል… ታዲያ ምን ቅር አለኝ?

ጥቅምት 23
ተመልሶ መጣ። ፈቃዱ በአባዬ ስም ስለሆነ፣ "ፖሊስ ጽሕፈት ቤት ሄደን በስምዎ ይዙር" አልኩት። ሳቀ።
"ምን አደከመን እህቴ፣ እኛው በእኛው እንጨርሰው።"
ሲሄድ እማ ተቆጣችኝ። "ዓረብ አገር ሄደሽ የተማርሽው ሰው መጠርጠር ነው? ሰውየው ቸኩሏል።"
እኮ፣ ለምን ቸኮለ?

ጥቅምት 26
እብናት ሄድኩ። እማን "ጨርቅ ልሸጥ ነው" ብያት… ሙላቴ ዛሬ ሐሙሲት ከተማ እንደሚውል፣ ቤቱ እንደማይኖር ነግሮን ነበር። ገበያ ላይ ጠይቄ ቤቱን አገኘሁት። ሚስቱ ፈንታነሽና እናቱ ነበሩ። ነጠላ ሳሳያቸው ቀስ ብዬ አነሳሁት።
"ባለቤትሽ ጠመንጃ ከእኛ ሊገዛ ነው። እንዴት ያለ ሰው ነው?"
ፈንታነሽ አማቷን አየች። "ደግ ሰው ነው።"
አሮጊቷም "ልጄ እንኳን ሰው ጉንዳን አይረግጥም" አሉ።
ከብቶቹስ? በረቱ ሣር አብቅሏል።
ፈንታነሽ ስትሸኘኝ አጥሩ ጋ ክንዴን ያዘችኝ። "አትሽጪለት፣ በማርያም። የፊተኛውን ጠመንጃ ሽማግሌዎች ናቸው የቀሙት… ደግኖብኝ።"
ስልክ ቁጥሬን ሰጠኋት።

ጥቅምት 27
ሙላቴ ደወለ። አንሸጥም አልኩት።
"ቤቴ ድረስ መጥተሽ ነበር አሉ። ፈንታነሽ ምን አለችሽ?"
"ደግ ሰው ነው አለችኝ።"
ውሸት አይደለም… አመነኝ? ምን አድርጌባት ይሆን?

ጥቅምት 28
ለእማ ሁሉንም ነገርኳት። ፊቷን አዞረች። ጠመንጃውን አብረን ለፖሊስ አስረከብን።

ኅዳር 4
ፈንታነሽ ደወለች፣ በሹክሹክታ። "ይዞ ገባ።"
"ከየት?"
"አንበሳሜ ወርጄ ከሰው ገዛሁ አለ።"
"አሁኑኑ ውጪ። መኪና ተሳፈሪና ነይ" አልኳት። ለፖሊስ ነገርኩና መናኸሪያ ቆሜ ጠበቅኋት። ከሚኒባሱ የሚወርደውን ወንድ ሁሉ ሳይ… በመጨረሻ እሷ ወረደች። ምንም አልያዘችም።

ኅዳር 9
ሙላቴ ተያዘ፣ ከነጠመንጃው። ማን እንደሸጠለት ግን አልናገርም ብሏል።
ፈንታነሽ እኛ ጋ ናት። ዛሬ ሱቅ አብራኝ ዋለች። ወንድ በገባ ቁጥር ቀና ትላለች፤ እኔም… ይሄ ይሆን የሸጠለት? ከአንበሳሜ ነኝ ያለ ሰው ነጠላ ሲያማርጥ ዋጋ ሳልነግረው አፍጥጬ ቀረሁ።
ስንዘጋ ጠየቅኋት። "የሸጠለት ሰው ክፉ ይመስልሻል?"
የተዘረጋውን ነጠላ አጠፈች።
"እንጃ… ቤቴ ቢመጣ እነግረው ነበር። ካንቺ በቀር የጠየቀኝ የለም።"