ተራራ ላይ የታዘለ የሰው ልጅ

ልጄ ቤተል፤

በምትረግጪው መንገድ ሁሉ ጌታ ይቅደምልሽ። እኛ ደኅና ነን። እዚህ ሰፈራችን አፍንጮ በር ውሃ አሁንም በፈረቃ ነው፤ እናትሽም ጉልበቷን ተሽሏታል።

የላክሽውን ፎቶ ጎረቤታችን ጋሽ እምሩ አዩት። አንቺ የአሠሪዎችሽን ልጅ አዝለሽ የኦስትሪያን ተራራ ትወጫለሽ፤ ወላጆቹ እጃቸውን እያወዛወዙ ከፊት ይሄዳሉ። «ይሄ ሽርሽር ነው ሸክም?» አሉኝ። ልጁን በዲግሪ ያስመረቀ አባት ምን ብሎ ይመልሳል?

እናትሽ «ተዋት፣ ዓለም አይታ ትምጣ» ትላለች። ዓለም የሚታየው ሳህን እያጠቡ በመስኮት ከሆነ የእኛም ማድ ቤት መስኮት አለው። እዚህ የጠጣሽበትን ብርጭቆ እንኳ አንስተሽ አታውቂም።

«እንደ ቤተሰብ ነው የሚያዩኝ» ብለሻል። እኛም ሠራተኛችንን አስካለን «እንደ ልጃችን ናት» እንላለን። እንግዳ ሲመጣ ግን የት ተቀምጣ እንደምትበላ ታውቂያለሽ። በዚህ ቃል እኔን አትሸንግዪኝ።

ሁለተኛ ዓመት ቆዪ እንዳሉሽም ነግረሽናል። ውሸት አላስተማርኩሽም፤ ከመፈረምሽ በፊት ግን አንድ ጠዋት «አሞኛል» ብለሽ ተኚ። ሻይ ይዞልሽ የመጣ ካለ ቆዪ፣ እኔም አፌን እይዛለሁ። «ታዲያ ልጁን ማን ይይዛል?» ካሉሽ ግን ሻንጣሽን አዘጋጂ። እዚህ ቤት አንቺ ስታስነጥሺ ሁለት ሰው ከአልጋው ይነሳል።

እግርሽን ከገደል፣ ልብሽን ከሽንገላ ይጠብቅልኝ።

አባትሽ ሚልክያስ