ሩጫው ላይ ያገኘኋት የዳባት ልጅ

አዲስ አበባ፣ ግንቦት 2 ቀን 1974

ወንድሜ ደርበው፣

ከእግሬ እብጠት በቀር ደህና ነኝ። ትናንት በከተማው ዓመታዊ ሩጫ ስንት ሺህ ሕዝብ ወጣ መሰለህ! የደባርቅ ገበያ ቢደመር እኩሌታው አይሆንም። የሊማሊሞን ዳገት የለመደ እግር ግን አስፋልቱን አልቻለውም፤ ልጨርስ ስል ባቴን ጨምድዶ ያዘኝና መንገድ ዳር ተቀመጥሁ።

ካኔተራዬ ላይ «ደባርቅ» የሚለውን ያነበበች አንዲት ሴት ከተመልካቹ መሀል ሮጣ መጣች። «አይዞህ ወንድሜ፣ እኔም የጎረቤትህ የዳባት ልጅ ነኝ!» ብላ ባቴን አሸችልኝ፤ ክንዴን ይዛም እስከ መጨረሻው አብራኝ ሮጠች።

ለካ ዳባት ስናስተምር ያከራዩን የእማማ ካሳነሽ ልጅ ናት! ያቺ በ1969 ወጥታ የቀረችው የሺወርቅ።

«እናቴ አለች?» አለችኝ።

«አሉ። ላንቺ የለበሱትን ከል ግን እስከ ዛሬ አላወለቁም» አልኋት።

እዚያው አስፋልቱ ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች። እስካሁን ለምን እንዳልጻፈች በካርድ የሚነገር አይደለም። ቤቷ ወስዳ ሁለት ልጆቿን አሳየችኝ፤ ትልቋን ካሳነሽ ብላታለች። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ሮጬ ቢሆን ኖሮ አልፌያት ነበር።

የመጣሁበት ስብሰባ ሊያልቅ ገና ሁለት ሳምንት ይቀረዋል። ስለዚህ ካርዱ እንደደረሰህ በመጀመሪያው መኪና ዳባት ሂድና ለእማማ ንገራቸው። ባለቤትህን ይርገዱንና ልጆቹን ሳምልኝ፤ ቦታው አለቀብኝ።

ወንድምህ ሻረው

አደራ፣ ቄስም ሽማግሌም አስከትለህ እንዳትሄድ፤ መርዶ ይመስላቸዋል። ብቻህን፣ እየሳቅህ ግባ።